የብርድ አገር ሞተር

ይኸነውን የማውቀው በሞተሩ ነው። ሌላው ሰው ጎረቤቱን በአባቱ ወይም በአገሩ ያውቀዋል፤ እኔ መካኒክ ነኝና ሰውን የማስታውሰው ይዞት በመጣው መኪና ነው። አንዱ ለእኔ «ፍሬኑ የሚጮኸው» ነው፣ ሌላው «ዘይት የማይቀይረው ጉደኛ» ነው። ይኸነው ግን ያለ ምንም ቅጽል ይኸነው ነው፤ ምክንያቱም እንጅባራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መፍቻ ስይዝ ሞተሩን በአግባቡ የያዘ ባለመኪና ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ይህን የምለው ሟች ለማሞገስ እንዳይመስላችሁ። ይኸነው በሕይወት አለ። ቢሞት ይሻለው ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ አስባለሁ።

ትውልዱ ከጥርባ ሐይቅ በላይ፣ ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት የማይነሳበት መንደር ነው። አፉን የፈታው በአውኚ ነው፤ አማርኛውን ያመጣሁት ከገበያና ከፍርድ ቤት ነው ይላል ራሱ ሲቀልድ። አባቱ ፈረሰኛ ነበሩ፣ እሱም ፈረሰኛ ነበር። በዚህ አገር ፈረሰኛ ማለት በበዓል ቀን ሜዳ ላይ የሚጋልብ ብቻ አይደለም። ፈረሱ ሳይበላ የማይበላ፣ ያላበውን ፈረስ ሳያለብስ ቤቱ የማይገባ፣ ፈረሱ መንገድ ላይ ቢያነክስበት አብሮት የሚያድር ሰው ነው። በኋላ አገሩ ሁሉ ገብሱን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ሲተክል ይኸነውም ተከለ። ዛፉ በአምስት ዓመቱ ይደርሳል፣ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ሁለት ዙር አከሰለና፣ በመጨረሻም ዳማ ፈረሱን ጨምሮ ሸጠና ከሰው እጅ አንዲት ነጭ ፒካፕ ገዛ። አሮጌ ናት፤ የናፍጣ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዛፉ በሽታ ገባበት። ቅጠሉ እሳት እንደነካው ቀላ፣ ረገፈ፣ ግንዱ ለከሰል ሳይደርስ ቆሞ ደረቀ። የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ ቅዳም ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ የስንቱ ቤት ነው የተፈታው። እንደገና ገብስ ላድርገው ቢል ያን ሁሉ ሥር መንቀል አለ። እናም ይኸነው፣ ሚስቱ ደጊቱና አንድ ልጃቸው ፋና በዚያች ፒካፕ ላይ ቀሩ። ድንች ይጭናል፣ ቀርከሃ ይጭናል፣ ከሌላ ቀበሌ የተገኘ ከሰል ይጭናል፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይጭናል። ሞተሩ ካለ ቤቱ አለ፤ ሞተሩ ከቆመ ቤቱም ይቆማል። ይህን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

የገዛት ዕለት ቀጥታ ያመጣት ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ጋራዤ ነው። ኮፋኖውን አስከፈተኝና «አበረ፣ የፈረስ ነገር ለእኔ ተወው። የዚህችን ግን አንድ በአንድ አሳየኝ» አለኝ።

ሳቅኩበት። ባለመኪና ሁሉ መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ይላል፤ በስድስተኛው ወር ዘይቱ ቅጥራን መስሎ ይመጣል። ይኸነው ግን ያልኩትን ሁሉ አደረገ። ጧት ቁልፍ ከመንካቱ በፊት የመለኪያዋን ዘንግ ስቦ ዘይቱን ያያል፣ የራዲያተሩን ውኃ ያያል፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ መላላቱን ያውቃል። ከዚያ ቁልፉን ግማሽ ያዞርና የካንዴላዋ፣ የማሞቂያዋ፣ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል፤ ናፍጣ በብርድ አገር ሲሊንደሩ ሳይሞቅ አይቀጣጠልምና። ከተነሳም በኋላ ነዳጅ አይረግጥበትም። ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሰዓት ብትሰጡትም በሰዓት አይለካም፤ ሞተር ማሞቂያው ጸሎት ነበር። ናፍጣ በጀሪካን ከሰው እጅ የሚገዛበት ዘመን ሆኖ ውኃ ስለማይጠፋበት፣ በየሁለት ቀኑ ከማጣሪያው ሥር ያለችውን ቡሎን አላልቶ የተጠራቀመውን ውኃ በጣሳ ይቀበላል። የአየር ማጣሪያው የከሰል ብናኝ ይይዛልና ያንንም በየሳምንቱ አውጥቶ ያራግፋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከሞተሩ ጋር በአውኚ ያወራል። ቋንቋውን ብሰማም በለሆሳስ ነውና ምን እንደሚለው ጠይቄው አላውቅም።

ፋና ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ፒካፗ ስትገዛ ከመሪዋ አጠገብ ባለው ኪስ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአያያዝ መጽሐፍ ነበረ፤ ልጅቱ መዝገበ ቃላት ይዛ ተቀመጠችና ለአባቷ በደብተር ገለበጠችለት። ያልገባት ቃል ሲኖር ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጋራዤ ትመጣለች። «ጋሽ አበረ፣ ይህ የትኛው ነው? ያሳዩኝ» ትለኛለች። ሳሳያት እጇን ታስገባለች፣ ዘይት ይነካኛል አትልም። እውነቱን ለመናገር ከአባቷ ይልቅ ሞተሩ የገባው ለእሷ ነበር። «አንቺን መካኒክ አድርጌ ነው የምድርሽ» እያልኩ አበሽቃታለሁ፤ እሷም «ጋራዡን ያውርሱኝ እንጂ ባሉን ራሴ እፈልጋለሁ» ትለኛለች። ልጅ አልወለድኩም። ስትመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ስትሄድ ደግሞ ጋራዡ ይጨልምብኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሞተር ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል ነገር አለ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ መዝጊያ ነው። እዚህ አገር መካኒክ ሁሉ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ያቃጥላል ብለን እንፈራዋለን። የይኸነውንም አውጥቼ ጣልኩት። እንግዲህ ያ ከሌለ ውኃው ሁልጊዜ ይዞራል፣ በእንጅባራ ብርድ ደግሞ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። ለዚህም መድኃኒት አለን። ካርቶን እንቆርጥና ራዲያተሩ ፊት እንሰካለን፤ ነፋሱ እንዳያገኘው። እዚሁ ኮሶበር መንገድ ዳር ጧት ቁሙና የሚያልፈውን መኪና እዩ፤ ግማሹ ፊቱ ላይ ካርቶን ለብሷል። ለይኸነውም ከብስኩት ካርቶን ቆርጬ ሰጠሁት። በጣም ነው ደስ ያለው፤ ያላበ ፈረስ ማልበስ ለለመደ ሰው ነገሩ ወዲያው ነው የገባው።

ፋና ግን መጽሐፉን ይዛ መጣች። «ጋሽ አበረ፣ እዚህ ላይ ያለ ቴርሞስታት አትንዱ ይላል። ራዲያተሩንም በምንም አትሸፍኑ ይላል።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጥርባ አድሮ ያውቃል?» አልኳት።

በጋራዡ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ግን መጽሐፉን ስትዘጋው ፊቷ ላይ ያለመስማማት ነበረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ልምዴ ላይ አንዲት ተማሪ እንድትናገረኝ አልፈለግኩም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሌላም ያስተማርኩት ነገር አለ። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ይፈታል፤ ባትሪው ይሄዳል፣ ጎማው ይሄዳል፣ የናፍጣ ፖምፓው ይሄዳል። «ይኸነው፣ ምንም ቢመጣ ጥለሃት እንዳትሄድ። ከጋለችብህ አጥፋ፣ ቁጭ በል፣ ትብረድ። አንድ ሰዓት ነው» እለው ነበር። ይህን የነገርኩት አንዴ አይደለም፤ በመጣ ቁጥር ነው።

ፋና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነችና አላለፈችም። ከክፍሏ ያለፈ አልነበረም፤ ይህን ለማጽናኛ ብለው ነገሯት፣ እሷን ግን አላጽናናትም። ጋራዥ መምጣቱን ተወች። በመስከረም ከእኩዮቿ ጋር ሆና ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ወረደች። ደጊቱ ለምናታለች፤ ወባ አለ፣ አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ፣ አትችይውም ብላታለች። ይኸነውም ተይ ብሏታል። «አባ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ የደረቀ ዛፍ ልቁጠር?» አለችው። ራሱ በፒካፗ እስከ መናኸሪያ አደረሳት።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ የተሰማው «ፋና ታማለች፣ ቶሎ ድረሱ» የሚለው ብቻ ነው። ይኸነው በማግስቱ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋራዤ ደረሰ። ያን ቀን ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ናፍጣ ፈልጎ ነው የመጣው፤ ለራሴ ያስቀመጥኳትን አንድ ጀሪካን አጥልዬ ሞላሁለት። ደጊቱ ልሂድ ብላ አልቅሳ ነበር፤ ልጅቱን አስተኝቶ ለማምጣት ቦታ እንዲኖር ብሎ ትቷት ነው የመጣው። ኮፋኖውን ከፍቼ ዘይቱን አየሁለት። ካርቶኑ በቦታው ነበር። በጣቴ መታ መታ አደረግኩትና «ደህና ለብሳለች፣ ሂድ» አልኩት። በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። ቆላ ነው የሚወርደው፤ አውጣው ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። የደጋ ሰው ነኝ፤ እጄ ብርዱን ለምዶት ነው።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ምንም አላለም። ቁልቁለት ላይ ሞተር አይደክምም፣ ካርቶን ቢለብስም አይግልም። አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። የሰሊጥ እርሻው ሰዎች ፋናን በትንሿ ከተማ ጤና ጣቢያ አስተኝተዋት አገኘ። ስድስት ሳምንት ነው የሄደችው፤ ሲያያት ግን ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሐኪሙ ወባው ደሟን እንደጨረሰው ነገረው። «መድኃኒቱን ጀምረንላታል፤ የሚያስፈልጋት ግን ደም ነው። እዚህ የለንም። ዛሬውኑ ደም የሚሰጥበት ሆስፒታል ያድርሷት፣ ለነገ አትበሉ» አለው። አምቡላንሱ ናፍጣ የለውም። ይኸነው ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ አስደግፎ ተነሳ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያች ዳገት ላይ የሚሮጥ ሰዓት ነው።

ቀትር ሆነ። የቆላ ፀሐይ ከላይ፣ ዳገቱ ከፊት፣ ካርቶኑ ራዲያተሩ ላይ። ይኸነው ዓይኑ ልጁ ላይ ነው፤ ትተንፍስ አትተንፍስ በየመታጠፊያው ያያታል። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ መውጣቷን ያየችው ፋና ናት። ራሷን ከመስታወቱ ላይ ሳታነሳ «አባ፣ ቁም። ጋለች» አለችው።

ወዲያው አቆመ። አጠፋ። ኮፋኖውን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን መታው፤ እንፋሎቱ ሲገለል ካርቶኑን አየ። መንጭቆ አወጣውና በእግሩ ረገጠው። ምን እንደተሳሳተ ያኔውኑ ገብቶታል፤ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ መታ። ፋና ከውስጥ «ምንም አይደል፣ አባ፣ ትበርዳለች» አለችው። እንግዲህ እሱን የምታጽናናው እሷ ናት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ቢሻው ይባላል፣ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የተባባሉትን የነገረኝ እሱ ነው። ጋቢናው ከእሱና ከረዳቱ ሌላ የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወርዶ ልጅቱን አያት፣ ሳይነገረው ገባው።

«አባቴ፣ እሷን ፊት እናስቀምጣት። እርስዎ ከላይ ሰሊጡ ላይ ይውጡ። ገመድ አለ፣ እሱን ይይዛሉ» አለው።

ይኸነው ልጁን አቅፎ አስገባት። ጋቢውን ከእግሯ ሥር ጠቀጠቀላት። ከዚያ ዞር ብሎ ፒካፗን አየ። ኮፋኖዋ ተከፍቶ ገና እየጨሰች ነው፤ በመንገዱ ላይና ታች አንድ ቤት አይታይም።

«ሂዱ እናንተ። ትብረድልኝና ከኋላ ከኋላ እመጣለሁ» አለ።

«አባቴ፣ መኪናው ይቅር፤ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ።»

«አንድ ሰዓት ናት። አንድ ሰዓት። ይህች ከተፈታች ልጅቱ ድና የምትገባበት ቤት የለም።»

ፋና በመስኮቱ «አባ፣ ና» አለችው። ድምፅዋ ደካማ ነበር፣ ግን ሰምቷታል። «መጣሁ ፋናዬ፣ እንዲያውም እቀድማችኋለሁ» አላት። ቢሻው ሁለት ጊዜ ክላክስ መታለት፤ ይኸነው በእጁ ሂዱ ሂዱ አለው። አይሱዙው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አልከፈተም። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አልደፋም። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሞተሩ እጅ የሚያስነካ ሲሆን ጀሪካኑን ይዞ ወደ ጅረት ወረደ፤ ጅረቱ ሩቅ ነበር፣ ሲመለስ ሌላ ሰዓት ሄዷል። ውኃውን ቀስ በቀስ ሞላ፣ አስነሳት፣ ተነሳች። ግን የቴስታው ጓርኒሲዮን፣ ሞተሩንና ቴስታ የሚባለውን ክዳኑን የሚያገጥመው ማለት ነው፣ ተቃጥሎ ነበርና ውኃውን ትጠጣለች። ጥቂት ይነዳል፣ ቀስቷ ከፍ ስትል ያቆማል፣ ያበርዳል፣ ይሞላል። አንድም ጊዜ ቀስቷን ቀይ አላስነካትም። እንደዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወጣ።

ቢሻው ስምንት ሰዓት ላይ እንጅባራ ሆስፒታል አድርሷታል። በሕይወት ነው የደረሰችው። ሰሊጡን ትቶ አብሯት ገባ። የእሷ ዓይነት ደም ያን ቀን አልነበረም፤ «ቤተሰብ ይምጣና ይለካ፣ ቤተሰብ የታለ?» ተባለ። ቢሻው ክንዱን ሰጠ፣ ተለካ፣ አልገጠመም። ረዳቱም ሰጠ፣ አልገጠመም። ፋና የአባቷን ስልክ ቁጥር በቃሏ ነገረችው፤ ደወለ፣ አይሠራም። የእናቷንም ደወለ፣ አይሠራም። «አባቴ አሁን ይመጣል» ትላለች። ነርሷ በገባች ቁጥር «ቤተሰብ መጣ?» ትላለች፤ ቢሻው ወደ በሩ ወጥቶ መንገዱን ያያል። ይህን ሲነግረኝ ያ ጎልማሳ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለአሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አረፈች።

ይኸነው የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፒካፗን ግቢው ውስጥ አቆማት፤ ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ ስላገኘው ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም። የእሱ ደም ይግጠም አይግጠም ማንም አላወቀም። አልተለካም። አንዳንድ ቀን አይገጥምም ነበር ብዬ ራሴን አሳምናለሁ፤ ማሳመኑ እስከ ማታ አይቆይም።

በማግስቱ በሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። እኔ ከቀብር ስመለስ ፒካፗን ከሆስፒታሉ ግቢ አስጎትቼ ጋራዥ አስገባኋትና ፈታኋት። እጄ ሥራ ካልያዘ ላብድ ነበር። ቴስታውን አውርጄ ማስመሪያ ጫንኩበት፤ አልተጣመመም። ሲሊንደሩ አልተጫረም። ዘይቱ ውስጥ ውኃ አልገባም። አንዲት ጓርኒሲዮን ናት የተቃጠለችው። እንዲያ ጋላ የወጣች ሞተር እንዲህ ሆና ስታገኙ ነጂው ምን ያህል ታጋሽ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ሌላው ቢሆን ልጁ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ቀስቷን ማን ያያል፣ ረግጦ ይነዳና ሞተሩን አቃጥሎ ያስቆመዋል። ይኸነው ያልኩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ፈጽሟል። ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ከዕቃ መደርደሪያዬ ቴርሞስታት ፈልጌ ገጠምኩ፣ ገጥሜም ተቀምጬ አለቀስኩ።

በሰልስቱ ወደ ጥርባ ወጣሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ይኸነው ከወንዶቹ መካከል ተቀምጧል፤ ጋቢውን እስከ አፉ ድረስ ሸፍኗል። ቢሻውም ከዳንግላ መጥቶ ነበር፤ ዘመድ ሳይሆን፣ ሰው ስለሆነ ነው የመጣው። ለቀስተኛው መቼም መጠየቅ አይተውምና እንዴት ነበር፣ እንዴት ሆነች እያለ ያስጨንቀዋል። አንዱ ሽማግሌ «አባቷስ እንዴት ከኋላ ቀረ?» ብለው ጠየቁት።

ቢሻው ቀና ብሎ ይኸነውን አየ። «ቦታ አልነበረም፣ አባቴ። ከፊትም ከላይም ሞልቶ ነበር። ጫፍ ታህል ቦታ ብትኖር ጥዬው አልመጣም» አላቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውም እህ አለ፣ እግዜር ያላለው ነው ተባለ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ነበር። ደጊቱ ከሴቶቹ በኩል ተነሳች። ሦስት ቀን ድምፅዋ ተዘግቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጣት። የጠየቀችው በአውኚ ነው፤ ቢሻው ቋንቋውን አይሰማም፣ እኔ እሰማለሁ።

«ይኸነው፣ ከላይ ቦታ ነበር ወይ?»

ይኸነው ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። ዝም ሊል ይችል ነበር። ያ ደግ ሰው ያለበሰውን ውሸት ለብሶ እድሜ ልኩን ሊኖር ይችል ነበር፤ ማንም አይገፈውም።

«ነበር» አላት።

«ታዲያ?»

«ጥያት ብሄድ ይፈቷታል ብዬ ፈራሁ። አንድ ሰዓት መስሎኝ ነው።»

ትጮሃለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብዬ ጠበቅኩ። ደጊቱ ነጠላዋን አጣፋችና በዚያው በተዘጋ ድምፅ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ሞተሩስ ዳነ?»

ይኸነው አያውቅም። ከሆስፒታሉ ግቢ ወዲህ አላያትም። ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ፣ ዓይኖቻችን ተገጣጠሙ፤ ሰውም ሁሉ ዓይኑን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ። ቆሜ መናገር ነበረብኝ። ጥለሃት እንዳትሄድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ሰዓት ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ካርቶን ቆርጬ የሰጠሁት፣ ያን ዕለት ጧት አይቼ ዝም ያልኩት፣ ልጅቱ በመጽሐፍ አሳይታኝ ሰው ያሳቅኩባት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

«ድኗል» አልኩ።

ደጊቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ንፍሮ የያዘችው ሴት በዚያው ሰዓት እኔ ዘንድ ደረሰች፤ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት።